ጠገራውን ሳትመዝኑ ጠይቁት

ቺሮ ውስጥ ጠገራ ብር በግራም ይሸጣል። ሻጯ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች እናት ናት። በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ገዢው ያገላብጣል፣ ይመዝናል፣ በዕለቱ ዋጋ ያባዛል፣ ይከፍላታል። ከየት አገኘሽው የሚላት የለም። ማን ቀበረው፣ በየትኛው ዘመን ቀበረው፣ ለምን ተመልሶ አላወጣውም የሚል ጥያቄ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ብሩ ወይ አንጥረኛ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ወይ በደላላ እጅ ድሬዳዋን አልፎ ይሄዳል። ሂርናም፣ በዴሳም፣ ገለምሶም ያየሁት ይኸው ነው። ንግድ ነው ይሉኛል። እኔ ዝርፊያ እለዋለሁ፤ የሚዘረፈው እነዚህ ከተሞች ያሉበት የጨርጨር ታሪክ ነው፤ ዘራፊዎቹም እኛው የአገሩ ልጆች ነን።

የሚሰጠኝን መልስ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። «ማርትሬዛ እኮ ነው! አገሩን ሞልቶት የነበረ ብር ምን ብርቅ አለው? ሁሉም 1780 ነው የሚለው። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ።» ይህን ከደላላ አፍ ስሰማ እታገሣለሁ። ከተማረ ሰው አፍ ስሰማው ግን ደሜ ይፈላል፤ አንድን ብር ብርቅ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ማወቅ የነበረበት እሱ ነውና።

እስቲ ዓለም ብርቅ የሚላቸውን እንይ። ሰብሳቢዎች ከሚሻሙባቸው ጥንታዊ ብሮች መካከል የሮም የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ዲናሮች ይገኛሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 ዓመት ዩልዮስ ቄሳር ጦሩን ይዞ ሩቢኮንን በተሻገረ ሰሞን ለወታደሮቹ ያስመታው ብር ላይ እባብ የሚረግጥ ዝሆን አለበት። በ44 ቄሳር በቁሙ መልኩን የሮም ብር ላይ አስቀረጸ፤ በዚያው ዓመት ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ በበኩሉ ሁለት ጩቤ፣ በመካከላቸው ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋውን ቆብ፣ ከሥር የግድያውን ቀን አስቀርጾ ብር አወጣ። ማርክ አንቶኒ ከክሊዮፓትራ ጋር ሆኖ ኦክታቪያንን ሊገጥም ሲነሳ የየክፍለ ጦሩን ቁጥር የያዘ ብር አስመታ። መዳብ የበዛበት ስለነበር ሊያቀልጠው የፈለገ ብዙም አልነበረም፤ ከ200 ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እነዚህ ብሮች አፍ አላቸው። የትም ይገኙ የት፣ ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

ጨርጨርም የራሱን የእርስ በርስ ጦርነት አይቷል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የልጅ ኢያሱ መሻር ሲታወጅ እሳቸው ሐረርጌ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጦር ሚኤሶ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ገጥሞ ተመለሰ። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ። ሰገሌን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሚኤሶን ባቡር ጣቢያዋና የከብት ገበያዋ ካልሆኑ በምን እናነሳታለን? በዚያ ጦርነት በሁለቱም ወገን የተሰለፈው ወታደር በመቀነቱ ቋጥሮት የሄደው አንድ ዓይነት ብር፣ ማርትሬዛ ነው፤ የሞተች የኦስትሪያ ንግሥት መልክ፣ ከጎኑ 1780። በልጅ ኢያሱ ስም የወጣ ብር የለም። አፄ ምኒልክ መልካቸውና አንበሳው ያለበትን ብር ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ፓሪስ አስመትተው ቢያመጡም ገጠሩ ማርትሬዛውን አልለቀቀም።

ቁጣዬ የሚነሳው ከዚህ ነው። የሮም ብር በፊቱ ይናገራል። የእኛ የጦርነት ብር ፊቱ ዲዳ ነው፤ ምስክርነቱ ያለው በተቀበረበት ቦታ፣ አብሮት በነበረው ዕቃ፣ በቀባሪው ስም፣ በቀባሪው ልጅ አፍ ነው። የብሩተስን ዲናር ከአፈሩ ነጥለህ ብትወስደው ታሪኩን በከፊል ይዞ ይሄዳል። የጨርጨርን ጠገራ ከአፈሩ ነጥለህ ሚዛን ላይ ስታወጣው ግን የሚቀርህ 28 ግራም ብረት ነው። እንግዲያው ከሁለቱ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው የትኛው ነው? ብርቅ አይደለም ብለህ የናቅኸው!

«ሁሉም አንድ ነው» የሚለውም ቢሆን ሐሰት ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ብሩ ግን ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር ከዚያ በኋላ ከ150 ዓመት በላይ ተመትቷል። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ የብሩን መምቻ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ውስጥ ማርትሬዛ ማስመታት ጀመረ። ኢትዮጵያን ሊወጋ ነበር፤ ባንዳ የሚገዛበት፣ በቅሎና ስንቅ የሚሸምትበት ብር ያስፈልገው ነበር። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዞች ለንደን ላይ መቱ፤ ጣልያንን ለማስወጣት በዘመቱበት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ ላይ። ሁሉም 1780 ይላል። ሆኖም የሮሙን ከቪየናው፣ የቦምቤዩን ከለንደኑ የሚለዩ ዐዋቂዎች አሉ፤ የንግሥቲቱን ጌጥ ነጥብ በነጥብ፣ የንስሩን ጅራት ላባ በላባ ያያሉ። የእኛም አያቶች ዕንቁዎቿን ሳይቆጥሩ ብር አይቀበሉም ነበር።

ይህ ምን ይጠቅማል? አሰቦት አጠገብ አንድ ገበሬ ሲያርስ ማሰሮ ሙሉ ጠገራ ቢወጣለት፣ በመካከሉ አንድ የሮም ምት ከተገኘ ማሰሮው የተቀበረው ጣልያን ለወረራ ከተሰናዳ ወዲህ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት ነው። ሁሉም የቪየና የድሮ ምት ከሆነ ደግሞ ወደ ሚኤሶው ጦርነት፣ ምናልባትም ከዚያ ወደ ቀደመው የጨለንቆ ጦርነት ዘመን የሚመልሰን በር ተከፈተ። አንዲት ማሰሮ አንድ ቀበሌ በየትኛው ጦርነት እንደተፈታ ልትነግረን ትችላለች። በየጓዳው ካለው ጠገራ ስንቱ የሙሶሊኒ ክፍያ፣ ስንቱ የአርበኛ ስንቅ እንደነበር አንጥረኛው ምድጃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማን አይቶ ያውቃል?

የሮም ታሪክ ሊቅ የሆነው እንግሊዛዊው ማይክል ክሮፎርድ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት በጣልያን ምድር ከአፈር የወጡ የተከማቹ ብሮችን በተቀበሩበት ዘመን ደረደራቸው። ውጤቱ ለመረዳት ቀላል፣ ለማሰብ ከባድ ነው። ከአፈር የሚወጣው ብር የሚበዛው ጦርነትና ሽብር የነበረባቸው ዓመታት ላይ ነው። ሰው በሰላምም ጊዜ ገንዘቡን ይቀብራል፤ በሰላም ጊዜ የቀበረውን ግን ራሱ ያወጣዋል። ሳይወጣ የቀረው ባለቤቱ ስላልተመለሰ ነው። ስለዚህ ማሰሮዎቹ የተገኙባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ ነጥብ ብታደርጋቸው ያልተመለሱ ሰዎችን አገር ታገኛለህ።

ለጨርጨር ይህን ካርታ ማን ሣለ? አፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረጉበት ዘመቻ በዚሁ በጨርጨር፣ በኢቱዎች ምድር ያለፈ ነው። በ1909 ሚኤሶ። በ1928 ጣልያን መጥቶ የዛሬዋን ቺሮ፣ የያኔዋን አሰበ ተፈሪን፣ «አስባ ሊቶሪያ» አላት። በ1969 እና 70 የሶማሊያ ጦርነት ሐረርጌን አንቀጠቀጠ። በ2010 እንኳ፣ ትናንት በምንለው ጊዜ፣ በሐዊ ጉዲናና በዳሮ ለቡ ሰው ተገደለ፣ ሰው ቤቱን ጥሎ ሸሸ። በእያንዳንዱ ዙር ከምሰሶ ሥር፣ ከበረት ጥግ፣ ከዋርካ ግርጌ የተቀበረ ነገር አለ። መጽሐፍ ያልጻፈላቸው ሰዎች ጽሑፋቸው ያ ነው። እኛም አውጥተን እያቀለጥነው ነው።

አያቴ ያደገችው ሂርና አካባቢ ነው። ከአንገቷ የማይለይ ድሪ ነበራት፤ መካከሉ ላይ ማንጠልጠያ የተበየደላቸው ጠገራዎች። ጣልያን ሲመጣ አባቷ ከምሰሶው ሥር ከቀበረው ገንዘብ የተረፈ መሆኑን ደጋግማ ነግራናለች። እሱ ከሄደበት አልተመለሰም። እናቷ ቆፍራ አወጣችው፣ ከፊሉ ልጆች አሳደገ፣ ቀሪው ድሪ ሆነ። በኋላ ቤታችን ሕመም ገብቶ ገንዘብ ሲጠፋ ድሪው ተሸጠ፤ በመሸጡ ማንንም አልወቅስም፣ የሰው ነፍስ ይቀድማል። ሲሸጥ ግን እዚያው ቆሜ ነበር። ገዢው መቁረጫውን አንስቶ ማንጠልጠያዎቹን እያንዳንዳቸውን ቀነጠሰ። «ብየዳው ንጹሕ ብር አይደለም፣ ሚዛን ያበላሻል» አለ። የአጎቴ ልጅ የአያታችንን ታሪክ ሊያጫውተው ሲጀምር «አቦ ተወኝ! እኔ ወሬ አልገዛም» ብሎ አቋረጠው።

ያ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የዚያ ድሪ ትልቁ ዋጋ ወሬው ነበር! የቀባሪው ስም፣ ቦታው፣ ዘመኑ፣ የቆፋሪዋ እጅ፣ የልጅቱ አንገት ሁሉ አንድ ላይ የተገኙበት ዕቃ በምድር ላይ ስንት አለ? እሱ ቀንጥሶ የጣለው ማንጠልጠያ፣ ብሩ ከገንዘብነት ወደ ጌጥነት የተሻገረበትን ጊዜ የሚመሰክር ቁራጭ ነበር።

ይህን የምለው አያቴ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው መጠራ፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ፍራንሲስ አንፍሬ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባካሄደው ቁፋሮ አንድ የነሐስ ዕቃ ወጣ። ውስጡ የወርቅ መስቀሎችና ሰንሰለቶች፣ ከእነሱም ጋር 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ። ሳንቲሞቹ ማንጠልጠያ ተሠርቶላቸዋል። የታተሙበት ዘመን አገሩ ክርስትናን ከመቀበሉ ይቀድማል፤ ከመስቀል ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ መገኘታቸው ትውልድ ለትውልድ ሲወርሷቸው እንደኖሩ ይነግረናል። ይህን ያወቅነው በማንጠልጠያውና አብሮ በተገኘው ዕቃ ነው። አንፍሬ ቦታውን መዘገበ፣ ማንጠልጠያውን ሳይነካ አቆየ፤ የአክሱም ዘመን ሰው አንገት ታወቀ። የሂርናዋ ሴት አንገት ግን ከሚዛን ጋር ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2010 እንግሊዝ አገር፣ ፍሮም በምትባል ከተማ አጠገብ፣ አንድ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ በብረት መፈለጊያ መሣሪያው መሬት ሲፈትሽ ማሰሮ አገኘ። ብር ነበረበት። ይህ ሰው ምን አደረገ? መቆፈሩን አቆመ። ባለሙያ ጠራ። ማሰሮው ከላይ ወደ ታች በየንብርብሩ ተመዝግቦ ሲወጣ 52,503 የሮም ሳንቲሞች ተቆጠሩ። ከመካከላቸው ካራውስዮስ የተባለው የባሕር ኃይል አዛዥ ከሮም አፈንግጦ ብሪታንያን በያዘበት የሽፍትነት ዘመን ያስመታቸው አምስት የብር ዲናሮች ይገኛሉ፤ እጅግ ብርቅ ናቸው። የካራውስዮስ ሳንቲሞች አብዛኞቹ ከማሰሮው ወለል ወገን፣ ከእሱ የሚቀድሙት ከላያቸው ስለተገኙ፣ ማሰሮው ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ሳይሆን በአንድ ጊዜ የተሞላ መሆኑ ተደረሰበት። ሰውዬው በጉጉት ሁሉንም ዘርግፎ ቢሆን ኖሮ ይህ መቼም አይታወቅም። ያም ሆኖ አልከሰረም፤ ማሰሮው ከ320 ሺህ ፓውንድ በላይ ተገምቶ ሙዚየም ገዛው፣ ድርሻውን ከመሬቱ ባለቤት ጋር ተካፈለ። የአንድ ምግብ አብሳይ ጨዋነት ነው ይህን ያተረፈው። የእኛ ገበሬ ከእሱ ያነሰ ጨዋ አይደለም። የሚያነሰው የሚጠራው ባለሙያ፣ የሚተማመንበት ክፍያ ነው።

በውጭ አገር ሁሉም ጻድቅ ነው አላልኩም። የብሩተስ ጩቤዎች ያሉበት የወርቅ ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ2020 ለንደን ላይ 4.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ከዚያ የመጣበትን የሚያስረዳው ወረቀት ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በ2023 ሳንቲሙ ለግሪክ ተመለሰ። የአገራቸውን አፈር የሚከታተሉ ሰዎች ስላሉ ተመለሰ። ከጨርጨር የወጣ ጠገራ ነገ አንድ የባሕር ማዶ ሰብሳቢ እጅ ቢገኝ «የእኛ ነው» የምንለው በምን ማስረጃ ነው?

አገር ውስጥም «ጥንታዊ ብር በሚሊዮን ይሸጣል» እያሉ ወሬ የሚነዙትን ዝም ልል አልችልም። በዚህ ወሬ የሰከረ ጎረምሳ በጨርጨር ተራሮች ላይ ሰዉ ለሐርላ ሕዝብ የሚሰጣቸውን የጥንት የድንጋይ ክምር መቃብሮች ለመገልበጥ ይቃጣዋል፤ ፈረንሳዊው ሮጀር ዡሶም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመረመራቸው ዓይነት መቃብሮች ናቸው። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ መንደር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቁፋሮ የ13ኛው መቶ ዘመን የግብፅ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች አስገኝቷል፤ ሚሊዮን አላስገኘም፤ ሐረርጌ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር እንዴት እንደተሳሰረች ግን አሳየ። አዲስ አበባ ውስጥ የምኒልክን ብር ገዝታችሁ እስኪያበራ የምትወለውሉም እጃችሁን ሰብስቡ። ያ ጥቁረት የዕድሜው ነው። ስትወለውሉት ፊቱን ትፍቁታላችሁ።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የወርቅ፣ የብር፣ የነሐስና የመዳብ ሳንቲሞችን በቅርስነት ይዘረዝራል። በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል። አዋጁ ከወጣ ስንት ትውልድ ተማሪ ተመረቀ! ገበያ ላይ ግን ሚዛን እንጂ አዋጅ አይታይም። ሐረር ውስጥ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የሚባሉ አንድ ሰው በራሳቸው ጥረት መጻሕፍቱን፣ ጌጡን፣ ሳንቲሙን ሰብስበው ሙዚየም አቁመዋል። አንድ ሰው ከቻለ ምዕራብ ሐረርጌ የሚያህል ዞን የሚያቅተው ምን ሆኖ ነው?

አሰበ ተፈሪን ከተማ ያደረጓት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ግብሩን በገንዘብ ተምነው፣ ሹሙን በደመወዝ አሠርተው ምሳሌ የሚሆን አውራጃ ሊያደርጉት የደከሙ ናቸው። ያ ግብርና ያ ደመወዝ የተቆጠረው በጠገራ ነው። የዚያ ሙከራ ማስረጃ ዛሬ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ነገ ላይኖር ይችላል።

ለችግረኛዋ እናት «አትሽጪ» አልልም፤ ጎረቤቷ ሳይደርስላት እኔ ልፈርድባት መብት የለኝም። የምጠይቀው ከገዢው ነው። ጠረጴዛህ ላይ ደብተር አኑር። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ በአንድ ላይ ስንት እንደተገኘ፣ በምን ዕቃ ውስጥ እንደነበረ፣ ማን እንደቀበረው ጠይቀህ ጻፍ። ሁለቱንም ፊቱን በስልክህ አንሳ። ማንጠልጠያ አትቁረጥ። ማሰሮ ሙሉ የመጣልህ ቀን አትግዛ፤ ባለሙያ ጥራ። የየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ለዚህ መዝገብ ክፈቱ፤ ያገኘ ሰው ሲመጣ እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ባለውለታ ተቀበሉት፣ በገበያው ዋጋ ላይ ጨምራችሁ የምትከፍሉትን በጀት ያዙ። ቺሮ ላይ ያለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ደብተርና ካሜራ አስይዞ ወደ ሚኤሶ፣ ወደ አሰቦት፣ ወደ ቁኒ፣ ወደ መቻራ ይላክ፤ አዛውንቱን በቋንቋቸው፣ በኦሮምኛ፣ ያነጋግሩ።

አንተም አንባቢ፣ አንቺም አንባቢት፣ ቤታችሁ ውስጥ ጠገራ ካለ ዛሬ ማታ ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ። ማን ቀበረው፣ ማን አወጣው፣ ያን ጊዜ ምን እየሆነ ነበር በሉ። ቃላቸውን እንዳለ ጻፉና ከብሩ ጋር አስቀምጡ። ይህን ሳታደርጉ አንድም ጠገራ ሚዛን ላይ አታውጡ።